ፑንቲና ለምን ይቃጠላል? ዕድሜውን ለማርዘም የተሞከሩ ዘዴዎች

[ምስል፦ ክዳኑ የተነሳ ዲስትሪቢዩተር፤ ዘንጉ ቀስ ብሎ ይዞራል]

የድሮ ቤንዚን ሞተር ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ክዳኑ ሲነሳ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ሲገጥሙና ሲላቀቁ ታያላችሁ። ፑንቲና የሚባለው ይሄ ነው። ሲገጥሙ የባትሪው ከረንት በቦቢናው (ቮልት በሚያሳድገው የሽቦ ጥቅል) ያልፋል። ሲላቀቁ ከረንቱ ድንገት ይቋረጣል፤ ቦቢናው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያወጣና ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ እሳት ይተፋል። የአሜሪካዊው መሐንዲስ የቻርልስ ኬተሪንግ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ሞዴል ካዲላክ ላይ ገብቶ ለ60 ዓመት ያህል ማንም አልነቀነቀውም።

ችግሩ መላቀቁ ላይ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናው በሰከንድ 100 ጊዜ ይከፈታል። በተከፈተ ቁጥር ከረንቱ እንደዋዛ አይቆምም፤ ክፍተቱን ዘሎ ማለፍ ይፈልጋል። እዚያ ብልጭ ካለ ለካንዴላው የታሰበው ኃይል ባከነ። ብረቱም ተቃጠለ።

[ምስል፦ ያገለገለ ፑንቲና በአጉሊ መነጽር]

እዩት፣ አንዱ ፊት ጎድጉዷል፣ ሌላው ላይ ጉብታ በቅሏል። ብረቱ ከወዲያ ተነስቶ ወዲህ ተለጥፏል።

መጀመሪያ የተነካው ብረቱ ነው። ፕላቲነም ጥሩ ነበር፣ ግን ውድ ነው። ተንግስተን ደግሞ ከ3,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም። ችግሩ፣ ሲግል ኦክሳይድ ይለብስና ከረንት አላሳልፍም ይላል። ስለዚህ ጠበቅ ያለ ስፕሪንግ ያስፈልገዋል። ስፕሪንጉ ሲጠብቅ ካሙን (ከዘንጉ ጋር እየዞረ ፑንቲናውን የሚከፍተውን ክፍል) የሚነካው የፋይበር ተረከዝ ቶሎ ይበላል፤ ሲላላ ደግሞ በፍጥነት ጊዜ ፑንቲናው ይነጥራል። አንዱን ስትደፍኑ ሌላው ይከፈታል።

ለእኔ ከሁሉ የሚያስደስተው የኮንደንሰሩ ሙከራ ነው። ፑንቲናው ሲከፈት ከረንቱን ለቅጽበት የሚቀበለው እሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.3 ማይክሮፋራድ ይሆናል። ዲስትሪቢዩተሩን ከሞተሩ አውጥታችሁ በኤሌክትሪክ ሞተር አሽከርክሩት። ኮንደንሰሩን ብቻ ቀያይሩ፣ ሌላ ምንም አትንኩ። ለእኩል ሰዓት አሠርታችሁ ፑንቲናውን በአጉሊ መነጽር እዩ። መጠኑ ካነሰ ብልጭታው ይበረታል። ከበዛ የከረንቱ መቋረጥ ይዘገይና የካንዴላው እሳት ይደክማል። ጉብታው በየትኛው ወገን እንደበቀለ ማየት ብቻ መጠኑ ወዴት እንዳደላ ይነግራችኋል። ሜትር እንኳ ሳይያዝ!

ክፍተቱስ? ብዙ ሞተሮች ላይ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከሰፋ ፑንቲናው ተዘግቶ የሚቆይበት ጊዜ ያጥርና ቦቢናው በቅጡ አይሞላም። ከጠበበ ብልጭታው ይበዛል። ሲያጸዱ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ደግሞ ይቅርባችሁ። ፍርፋሪው ብረቱ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። ስስ ሞረድ ይሻላል።

[ምስል፦ ትንሽ ሳጥን፣ ከቦቢናው ጋር የተያያዘ ሽቦ]

እውነተኛው ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከትራንዚስተር (ከረንትን ከሚከፍትና ከሚዘጋ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ) ጋር ነው። ከ3 እስከ 4 አምፔር የሚደርሰውን የቦቢና ከረንት ትራንዚስተሩ ይሸከማል። ፑንቲናው ምልክት መስጠት ብቻ ነው ሥራው። መቃጠሉ በአብዛኛው ቀረ። ግን ያ የተረገመ ብልጭታ ለካ ዘይትና ቆሻሻም ያቃጥል ነበር! አሁን አዲስ የሚመስል ፑንቲና ስስ ቅባት ለብሶ ከረንት እምቢ ሊል ይችላል። የፋይበሩ ተረከዝም መበላቱን አላቆመም። ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱም ይዘገያል። ትራንዚስተር የገጠመ ሰውም ቢሆን ካሙ ላይ ትንሽ ግሪስ መቀባትና ክፍተቱን እየለኩ ማስተካከል አይቀርለትም።