ስቲኩን ሳይሆን ሠሪውን መምረጥ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በልክ የሚሠራ የስኑከር (በጠረጴዛ ላይ ኳስ እየመቱ ቀዳዳ የሚያስገቡበት ጨዋታ) ስቲክ ስታዝዙ ሠሪውን በምን ትመርጡታላችሁ?

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው መያዣውን ነው። ኢቦኒው (የመያዣው ጥቁር ጠንካራ እንጨት) ጠቁሯል ወይ፣ ስንት ቀለም ገብቶበታል፣ ስሜ የት ይጻፍልኛል። ኳሱን የሚመታው ግን የፊተኛው ዘንግ ነው፤ የዘንጉ ጥራት ደግሞ በፎቶ አይታይም። ስለዚህ ሠሪውን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው «እንጨቱ ከተቆረጠ ስንት ጊዜው ነው? ስትልገው በስንት ዙር ነው?» ብዬ ነው።

ምክንያት አለው። እንጨት በውስጡ ውጥረት ይይዛል። ከላዩ በላጋችሁለት ቁጥር ያ ውጥረት ይላቀቅና ዘንጉ ይጎብጣል። ጥሩ ሠሪ በመጀመሪያው ዙር ወፈር አድርጎ ይተወዋል፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ያሳርፈዋል፤ የጎበጠውን ይጥላል፤ የቀረውን እንደገና ይልጋል። ከአራት ማዕዘን እንጨት ተነስቶ በአንድ ሳምንት ያለቀ ስቲክ ግን የሚጎብጠው ገዢው ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። ስንት ዘንግ እንደሚጥል ሳይደብቅ የሚነግራችሁን ሠሪ እመኑት፤ ስለ እንጨት እያሰበ መሆኑን የሚያሳይ መልስ ነው።

የዘንጉ እንጨት ዓይነት ሁለት ነው ማለት ይቻላል፤ አሽ ወይም ሜፕል። አሽ መስመሩ ጎልቶ ይታያል፤ ከላይ ሲታይ ቀስት የሚመስሉ ቅርጾች አሉት፤ ተጫዋቹ ስቲኩን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ለመያዝ ይጠቀምባቸዋል። ሜፕል ለስላሳና ገጹ ፀጥ ያለ ነው፤ ዓይናቸው በመስመር የሚረበሽ ሰዎች ይመርጡታል። የትኛውንም ብትመርጡ ዘንጉን ከጎን እዩት። መስመሮቹ ከመያዣው እስከ ጫፉ ቀጥ ብለው ከሄዱ ደህና ነው። መሃል ላይ ወደ ጎን ተንሸራትተው ከወጡ ግን ዘንጉ እዚያ ላይ ደካማ ነው፤ ሲመታ እኩል አይተጣጠፍም።

አሁን ወደ መያዣው። በእጅ ሲሠራ አራት የኢቦኒ ቁራጮች በሾጠጠው ዘንግ ጎኖች ላይ በኮላ ይጣበቃሉ፤ መጀመሪያ ሁለቱ ተቃራኒዎች፣ ኮላው ሲደርቅ የቀሩት ሁለቱ። ከዚያ ሲላግ ጫፎቻቸው ክብ ብለው ይወጣሉ። በማሽን የተጋጠመው ግን ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ነው። የማሽኑ ሥራ ይሰበራል አልልም፤ ጠንካራ ነው። የእጅ ዋጋ እየተከፈለበት የማሽን ሥራ ማቅረብ ግን ማታለል ነው። ጥፍራችሁን በመጋጠሚያው ላይ አሳልፉ፤ ከያዘው ወይም ክፍተት ካያችሁ ኮላው በደንብ አልተጫነም፣ ወይም እንጨቱ ከተጣበቀ በኋላ ደርቋል።

ልክ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የጨዋታው ደንብ የስቲኩ ርዝመት ከ914 ሚሊ ሜትር አይነስ ይላል፤ የተለመደው ከ145 እስከ 147 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከ480 እስከ 540 ግራም ክብደት፣ ከ9 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የጫፍ ውፍረት ነው። የለመዳችሁት ስቲክ ካለ ከጫፉ ጀምሮ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ውፍረቱን በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ለኩና ለሠሪው ላኩለት። ክብደታቸውና ጫፋቸው አንድ የሆኑ ሁለት ስቲኮች መሃላቸው ላይ ከተለያዩ አመታታቸው ለየቅል ነው፤ መሃሉ ወፈር ያለው ይጠነክራል። ሚዛን የሚጠብቅበትን ቦታም ከመያዣው ጫፍ ለክታችሁ ጻፉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ክብደት በግራም ተቆጥሮ እንዲመጣ አትጠይቁ፤ እንጨት አይታዘዝም። ክብደቱን ለመሙላት የእርሳስ ብረት ከኋላ ሲገባበት ሚዛኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጥቂት ግራም ልዩነት ፈቅዶ ሚዛኑን መጠበቅ ይሻላል።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልበል። የስኑከር ተጫዋቹ ስቲቨን ሄንድሪ 7 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ርካሽ በሆነ የፋብሪካ ስቲክ ነበር። ስለዚህ ገንዘባችሁን ለጌጥ ሳይሆን ለእንጨትና ለልክ አውሉት። ለመያዣው ሮዝዉድ የተባለውን እንጨት ካዘዛችሁ ደግሞ ዝርያውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የብራዚሉ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ለንግድ የተከለከለ ነው።

ስቲኩ ለሁለት ተፈትቶ የሚገጠምበትን የናስ መጋጠሚያ ከፈለጋችሁ ከጫፉ ሦስት አራተኛው ላይ፣ ማለትም ወደ መያዣው ጠጋ ብሎ ይሁን፤ ዘንጉ ሳይቆረጥ ይቀራል። ናሱ ከናሱ ጋር ሙሉ በሙሉ ካልገጠመ በምት ላይ ይንጫጫል።

ሲደርሳችሁ ወዲያው አትፍረዱበት። ጥቂት ቀናት በክፍሉ አየር ይክረም። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ከማንከባለል ይልቅ ከመያዣው በኩል በአንድ ዓይን ተመልከቱት፤ ስቲክ ስለሚሾጥጥ ማንከባለሉ ያሳስታል። ጎብጦ ካገኛችሁት ሳትመቱበት ወደ ሠሪው መልሱ፤ ተቀብሎ እንደሚያስተካክል ደግሞ ቅድሚያ ክፍያውን ከመስጠታችሁ በፊት በጽሑፍ አስፍሩት።