የጥጥ ጺም፣ ታይፕ እና ፈተና ላይ የማይመጣው ትምህርት

ሜሮን፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ሁለተኛ ደረጃ ላይ እንደ ትርፍ ስለሚቆጠሩት ትምህርቶች ነው፤ ቋንቋ፣ ትያትር፣ የቢሮ ሥራ። ከታይፕ ልጀምርና...

ዳዊት፦ አይ አይ፣ መጀመሪያ የጺሙን!

ሜሮን፦ ኧረ ተው ዳዊት።

ዳዊት፦ ቃል ገብተሻል እኮ!

ሜሮን፦ እሺ በቃ። አሥረኛ ክፍል ነኝ፣ ድራማ ክበብ ውስጥ። ለወላጆች ቀን እየተዘጋጀን ወንዶቹ ሁሉ ኳስ ብለው ጠፉ፤ አባት የሚሆን የለም። መምህራችን ዞር ዞር ብሎ አየና "አንቺ፣ ድምፅሽ ወፈር ይላል" አለኝ።

ዳዊት፦ (እየሳቀ) እሱስ እውነቱን ነው።

ሜሮን፦ ጋቢ ለበስኩ፣ ከዘራ ያዝኩ። ጺሙ ጥጥ ነው፤ የተለጠፈው በምን መሰለህ? በተበጠበጠ ዱቄት! አዳራሹ ደግሞ በሰው ታፍኗል። ልጄን "እኔ የመረጥኩልሽን ታገቢያለሽ!" ብዬ ስጮህ ጺሙ በግራ በኩል ተላቀቀ።

ዳዊት፦ ወደቀ?

ሜሮን፦ ተንጠለጠለ። አገጬን በእጄ ያዝ አደረግኩና ቀጠልኩ። ሰዉ ሽማግሌው ሐሳብ የገባው መስሎታል። እውነተኛው አባቴ ብቻ እንባው እስኪፈስ ይስቃል።

ዳዊት፦ እስከ መጨረሻው እንደዛ?

ሜሮን፦ መጋረጃው እስኪዘጋ! አሁን ግን ልብ በል፤ ልጄን ሆና የተጫወተችው ልጅ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። መድረክ ላይ ግን ድምፅዋ ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ አንዳንድ ክልል ከ7ኛ፣ ሌላው ከ9ኛ ይጀምራል፣ ስንት ልጅ ነው አፉን የሚዘጋው? ባዮሎጂ ሳይሆን አፍ መክፈት ነው የሚከብደው። ድራማ አፍ ያስከፍታል። ስለዚህ ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ ይኑረው ነው የምለው።

ዳዊት፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ክበብ ስለሆነ ነው የጣፈጠሽ። ክፍለ ጊዜ ስታደርጊው ምን ይመጣል? "ትያትር ማለት ምን ማለት ነው? አራት ጥቅሞቹን ዘርዝሩ።" ኖት ይገለበጣል፣ አለቀ።

ሜሮን፦ እሱ የአስተማሪ ጉዳይ ነው።

ዳዊት፦ ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል የአስተማሪ ብቻ አይደለም።

ሜሮን፦ ክበብ ሲሆን ደግሞ ከትምህርት በኋላ መቆየት የሚችል ብቻ ነው የሚገባው። ውኃ የሚቀዱት፣ ወንድምና እህት የሚጠብቁት ሴቶች ወደ ቤት ነው የሚሮጡት።

ዳዊት፦ ...እሱስ አዎ። እሱን አላሰብኩትም። ግን ኖት መገልበጡ አሁንም ያስፈራኛል።

ሜሮን፦ ፍራ። ለማንኛውም፣ ታይፕ!

ዳዊት፦ ግማሽ ሰዓት ቆይተን ርዕሳችን ደረሰ።

ሜሮን፦ አክስቴ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው የተማረችው፤ ሰንጋ ተራ ያለው፣ በ1935 የተከፈተው፣ አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው። ታይፕ፣ ሾርትሃንድ፣ ማለት ንግግርን በምልክት በፍጥነት መጻፍ፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ። የአማርኛ ታይፕ አይተህ ታውቃለህ?

ዳዊት፦ ፊልም ላይ።

ሜሮን፦ ፊደሉ በቁራጭ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ዋናውን ትመታለህ፣ ከዚያ ቅጥያውን፤ ያ እግሩ ወይ ቀለበቱ ነው። መስመሩ ሲያልቅ ደወል ይጮኻል፣ ማንሻውን ስበህ ትመልሳለህ። በወረቀቶቹ መሃል ካርቦን ገብቶ ሦስት ቅጂ ከሆነ ደግሞ አንድ ፊደል ስትስት ሦስቱንም ታጠፋለህ። አክስቴ ይሄን ሁሉ ስታደርግ ዓይኗ ከወረቀቱ አይነሳም፤ ቁልፎቹን አታይም!

ዳዊት፦ እና ይሄ አሁን ለምን ይጠቅማል? ልጆቹ ስልክ ላይ በሁለት አውራ ጣት ከእሷ ይፈጥናሉ።

ሜሮን፦ አይፈጥኑም።

ዳዊት፦ ይፈጥናሉ።

ሜሮን፦ እሺ ይፍጠኑ፣ ግን ምን ይጽፋሉ? ዲግሪ ያለው ሰው ማመልከቻ ለማስጻፍ ቀበሌ በር ላይ በክፍያ የሚጽፉ ሰዎች ጋ ይሰለፋል። "ጉዳዩ፦ ፈቃድ ስለመጠየቅ ይሆናል" የምትለዋን ከፍሎ ነው የሚያስጽፋት! ይቺ የአማርኛ ትምህርት ናት፣ የቢሮ ሥራም ናት። ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ፣ ግልባጭ። ግን 12ኛ ክፍል መልቀቂያ ላይ አማርኛ ስለማይፈተን ማን ልብ ይላታል?

ዳዊት፦ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ ሙያውን ከአሥረኛ በኋላ ወደነበረው ቴክኒክና ሙያ ወሰደው። አሥር ሲደመር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይባል የነበረው።

ሜሮን፦ አዎ! ስለዚህ "የቢሮ ሥራ ውጤት ያልመጣለት ይማረው" ተባለ። ጎበዙ ልጅ አይነካውም፣ ከዚያ ሥራ ሲጀምር ደብዳቤ መጻፍ አይችልም።

ዳዊት፦ እኔ ራሴ "ሰላም"ን በላቲን ፊደል ስነካካ ፕሮግራሙ ነው ወደ ግዕዝ የሚቀይርልኝ፤ ኖሬያለሁ።

ሜሮን፦ በስንት ጣት?

ዳዊት፦ ...በሁለት።

ሜሮን፦ አየህ!

ዳዊት፦ ግን እጽፋለሁ እኮ! ደብዳቤውን ላስተምር ካልሽ እስማማለሁ፤ ጣቱን ግን ተይው፣ ራሱ ይለምዳል።

ሜሮን፦ ጣቱንም አልተውም። ሾርትሃንድን ሳንነካው ሰዓቱ አለቀ ደግሞ።

ዳዊት፦ አክስትሽን አምጫታ።

ሜሮን፦ አመጣታለሁ። አንተ ግን አታቋርጣትም።