ድሩ ሳይወጠር ማጉ አይወረወርም፦ ልጅ እያሳደጉ ለድኅረ ምረቃ ማመልከት

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬው ቪዲዮ ልጅ ከተኛ በኋላ ኮምፒውተር ለሚከፍቱ ሰዎች ነው። ዕቃው ታጥቦ፣ የነገው ልብስ ተዘጋጅቶ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ቁጭ ብለው የዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ለሚያገላብጡ። አሁን ራሱ ሕፃን ደረቱ ላይ አስተኝቶ በአንድ ጆሮው የሚያዳምጠኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ጽፋችሁልኛል። ስለዚህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው። የመግቢያውን ሙዚቃም ለእናንተው ብዬ አውጥቼዋለሁ።

ቤተሰብ እያስተዳደሩ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ ማመልከት ይቻላል? ይቻላል። እኔ ያመለከትኩት ትልቁ ልጄ አራት ዓመቱ፣ ትንሿ ደግሞ አምስት ወሯ ሳለች ነው። ግን የተሳካልኝ በሁለተኛው ዙር ነው። የመጀመሪያው ዙር ለምን እንዳልሆነልኝ ለመንገር መጀመሪያ ስለ ሸማኔ ላውራችሁ። ታገሡኝ፣ ይህን ምሳሌ እወደዋለሁ።

ሸማኔ ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጨርቅ ሁለት ዓይነት ክር አለው፤ ድርና ማግ። ድሩ በቁመት የሚወጠረው ነው። ማጉ በአግድም የሚገባው ነው። እኛ ስናይ ዓይናችን የሚሄደው ወዲህና ወዲያ ወደሚበረው መወርወሪያ ነው፤ ሥራው እዚያ ያለ ይመስለናል። ነገር ግን መወርወሪያው ከመነሣቱ በፊት ሸማኔው ረጅም ሰዓት ድሩን ሲያደራ፣ ሲወጥር፣ እያንዳንዱን ክር በየቦታው ሲያስገባ ቆይቷል። ያን ጊዜ ብታዩት አንድ ጣት የሚሞላ ጨርቅ የለም። ክር ብቻ ነው። አላፊ አግዳሚው ሥራ አልጀመረም ሊለው ይችላል። ግን ጀምሯል።

ሌላም ነገር አለ። ድሩ ጥብቅ ነው፤ ማጉ በግድ ልግባ ቢል አይገባም። ሸማኔው በእግሩ ሲረግጥ ግማሹ ድር ከፍ ይላል፣ ግማሹ ዝቅ ይላል፤ በመካከሉ ክፍተት ይፈጠራል። መወርወሪያው በዚያች ክፍተት ሹልክ ይላል። ክፍተቱ ይዘጋል። እንደገና ይረግጣል፣ እንደገና ይከፈታል፣ እንደገና ሹልክ። አንድ ሸማኔ «ይህ ድር ከመንገዴ ቢነሣልኝ ማጌን እንደ ልቤ አስገባ ነበር» ሲል ሰምታችሁ አታውቁም። ድሩ ከተነሣ ምን ላይ ሊሸምን ነው?

ድሩ ቤተሰባችሁ ነው። ማጉ ማመልከቻው ነው።

እና ከድሩ አንድ ክር ቢበጠስ ሸማኔው ምን ያደርጋል? ያቆማል። ይቋጥራል። ከዚያ ይቀጥላል። ልጅ ሲታመም፣ ባለቤታችሁ ሥራ ሲበዛበት ወይም ሲበዛባት፣ ወላጅ ሲደክም፣ ያ የተበጠሰ ድር ነው። መወርወሪያውን አስቀምጡ፣ ክሩን ቋጥሩ፣ ተመለሱ። ለዚህ ነው ማመልከት የምትፈልጉበት ቀን ከመድረሱ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀድማችሁ ጀምሩ የምለው። ብቻውን የሚኖር ሰው በሦስት ወር ይጨርሰው ይሆናል። እናንተ ለመቋጠሪያ የሚሆን ጊዜ ያስፈልጋችኋል።

እንግዲህ የእኔ ጥፋት ድሩን ሳልወጥር ማጉን መወርወሬ ነው። በመጀመሪያው ዙር ለስምንት ትምህርት ቤቶች አመለከትኩ። ደብዳቤዬን አሳመርኩ፣ ፈተናዬን ተፈተንኩ። አንዱ ተቀበለኝ። ሳምንቱን በደስታ አሳለፍኩ። ከዚያ ባለቤቴ «እኛስ በምን እንመጣለን?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ቤተሰብ ይዤ ልኖርበት የማልችልበት ፕሮግራም ነበር። ያንን ደብዳቤ አሁንም አስቀምጬዋለሁ፤ ሳየው ቅር ይለኛል። ባለቤቴ የጠየቀችው ጥያቄ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ነበረበት።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ከመምረጣችሁ በፊት የየአገሩን የቤተሰብ ሕግ እዩ። አገሮች በጣም ይለያያሉ፤ ሕጉም ይቀያየራል።

ብሪታንያን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ወዲህ ትምህርት የሚጀምር የመደበኛ ማስተርስ ተማሪ፣ ማለትም በክፍል ትምህርት ላይ የተመሠረተውን ማስተርስ የሚማር፣ ባለቤቱንና ልጆቹን በተማሪ ቤተሰብ ቪዛ ይዞ መግባት አይችልም። ለዶክትሬትና በምርምር ላይ ለተመሠረተ ከፍተኛ ዲግሪ ይፈቀዳል፤ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ለሚማሩም እንደዚሁ። ከዚያ በፊት የተሠሩ ቪዲዮዎች ቤተሰብ ይዛችሁ ሂዱ ይሏችኋል፤ ቀናቸውን ተመልከቱ።

አሜሪካ ደግሞ ቪዛው ላይ ያለችው አንዲት ፊደል ኑሯችሁን ትለውጠዋለች። ተማሪው ኤፍ-1 የሚባለውን የተለመደ የተማሪ ቪዛ ከያዘ ባለቤቱ ኤፍ-2 ትሆናለች፤ ኤፍ-2 ይዞ መሥራት አይፈቀድም። ተማሪው ጄ-1 የሚባለውን የልውውጥ ቪዛ ከያዘ ግን ጄ-2 የያዘችው ባለቤት የሥራ ፈቃድ ማመልከት ትችላለች። ልዩነቱ የሁለት ደመወዝና የአንድ ደመወዝ ልዩነት ነው! ጄ-1 የራሱ ግዴታዎች አሉት፤ በተለይ አንዳንዶች ሲጨርሱ ለሁለት ዓመት ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ስለሚጠይቅ ያንን አንብባችሁ ግቡ። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ለትዳር አጋር ክፍት የሥራ ፈቃድ፣ ማለትም በአንድ ቀጣሪ ያልተወሰነ ፈቃድ፣ የምትሰጠው ተማሪው 16 ወርና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ማስተርስ፣ ዶክትሬት ወይም ከተመረጡ የሙያ ፕሮግራሞች አንዱን ሲማር ነው። አሥራ ሁለት ወር የሚፈጅ ማስተርስ ርካሽ ይመስላል፤ ለቤተሰብ ግን በዚህ ምክንያት ሊወደድ ይችላል።

ጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ይሁን እንጂ ለቪዛ በዝግ ሒሳብ፣ ማለትም ገንዘቡ በየወሩ በተወሰነ መጠን ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ፣ እንዲታይ የሚጠየቀው ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው፤ ያውም ለአንድ ሰው። ዳአድ የሚባለው የጀርመን የስኮላርሺፕ ድርጅት በአንዳንድ መርሐ ግብሮቹ የቤተሰብ ድጎማ ይጨምራል፤ ስታነቡ «ቤተሰብ» የምትለውን ቃል ፈልጉ።

ገንዘብን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው «መጀመሪያ ማስተርስ፣ ቀጥሎ ዶክትሬት» ብሎ ያስባል። አሜሪካ ውስጥ በብዙ የትምህርት ዘርፎች ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት ማመልከት ይቻላል። ዶክትሬቱ ብዙውን ጊዜ በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት ክፍያውን ይሸፍናል፣ የኑሮ አበል ይሰጣል፣ ማስተርሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኪስ ነው። ምርምር የምትወዱ ከሆነና ልጆች ካሏችሁ ረጅሙ መንገድ ቤተሰቡን የሚያኖረው መንገድ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አበሉ የተሰላው ለአንድ ሰው ነው። ለባለቤትና ለልጆች የሚከፈለው የጤና መድን ከአበሉ ላይ ትልቅ ቁራጭ ሊወስድ ይችላል፤ ዋጋውን ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

አሁን ለማመልከቻው የሚያስፈልጉትን ነገሮች በፍጥነት። መሠረታዊውን ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ ከዚህ ቀደም የሠራነውን ቪዲዮ እዩ፣ ማስፈንጠሪያው ከታች አለ። ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ ውጤታችሁ ዝርዝር፦ ዛሬ ጠይቁ፣ ነገ አትበሉ። የድጋፍ ደብዳቤ፦ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነው፤ ለመምህራኑ ሁለት ወር ስጧቸው፣ ከተመረቃችሁ ከቆየም አብራችሁ የሠራችሁትን የሚያስታውስ አንድ ገጽ ላኩላቸው። ፈተና፦ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው ጂአርኢ ውጤቱ ለአምስት ዓመት ይቆያል፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናዎቹ ቶፍልና አይኤልትስ ለሁለት ዓመት። ስለዚህ ዕድሜው የሚረዝመውን አስቀድሙ፤ እርግዝና ወይም የሥራ ጥድፊያ ካለ ጂአርኢን ቀድማችሁ ጨርሱና ቋንቋውን ለመጨረሻ ተዉት። ጂአርኢን የማይጠይቁ ፕሮግራሞች ብዙ ስለሆኑ መጀመሪያ አረጋግጡ። የማመልከቻ ክፍያ ከከበዳችሁ እንዲነሣላችሁ ኢሜይል ጻፉ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ያነሣሉ። የአሜሪካ ዶክትሬት የመጨረሻ ቀን በብዛት ዲሴምበር መጀመሪያና አጋማሽ ላይ ነው። አለቀ።

ወደ ከበደው ነገር ልግባ። ባለፉት ወራት ከየትኛውም ጥያቄ በላይ የደረሰኝ ይህ ነው፦ «ልጆች እንዳሉኝ ካወቁ አይቀበሉኝም፤ ልደብቅ?» አንዲት እናት እንዲያውም የልጆቿን ፎቶ ከማኅበራዊ ገጿ ሁሉ አጥፍታ ነበር የጻፈችልኝ። ይህን ሳነብ አዘንኩ። ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ ያቀድኩትን ትቼ እቆማለሁ።

መጀመሪያ ሕጉ። አሜሪካ ውስጥ በትምህርት ውስጥ የፆታ መድልዎን የሚከለክለው፣ ታይትል ናይን ተብሎ የሚታወቀው የ1972 እ.ኤ.አ. ሕግ ማስፈጸሚያ ደንብ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም አመልካችን ከመቀበሉ በፊት ስለ ትዳሩ ሁኔታ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ባለትዳር ነሽ፣ አይደለሽም ብሎ መጠየቅ አይችልም። ስለዚህ የማመልከቻ ቅጹ ላይ ያልተጠየቃችሁትን መጻፍ ግዴታችሁ አይደለም። ያልተጠየቁትን አለመጻፍ መደበቅ አይባልም።

በሌላ በኩል የቪዛ ቅጽ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ስለ ባለቤትና ስለ ልጆች ትጠየቃላችሁ፤ አንድም ልጅ ሳታስቀሩ እውነቱን ሙሉ። እዚህ ላይ መዋሸት ቪዛ ያስከለክላል፤ በኋላ ያንኑ ልጅ ለመውሰድ ስትጠይቁም ወረቀታችሁ እርስ በርሱ ይጋጫል። ለእነዚህ ሁለት ቅጾች አንድ ዓይነት መልስ ለመስጠት የሚሞክሩ ሰዎች ናቸው የሚቸገሩት።

ታዲያ የዓላማ መግለጫው ደብዳቤ ላይ ስለ ልጆቻችን እንጻፍ? የእኔ አስተያየት፦ ለታሪኩ የሚያስፈልግ ከሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያለ ይቅርታ። «እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 ልጄን በማሳደግ ላይ ነበርኩ፤ በዚያው ጊዜ የመረጃ ትንተና በኢንተርኔት ተማርኩ» ብላችሁ ወደ ምርምራችሁ እለፉ። የሁለት ዓመት ክፍተት ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር አንባቢውን ያስጠረጥረዋል፤ ምክንያቱ ሲነገር ግን ያልፈዋል። «ምንም እንኳን እናት ብሆንም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ሰርዙት። ስንት ደብዳቤ እንዲህ ሲጀምር አይቻለሁ! ማንም ሳይከሳችሁ ለምን ትከላከላላችሁ?

የሩት ቤደር ጊንስበርግን ነገር የምወደው ለዚህ ነው። በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1956 ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ሲገቡ የ14 ወር ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ባለቤታቸውም እዚያው ተማሪ ነበሩ፤ በመካከል በካንሰር ታመሙ። ጊንስበርግ በኋላ እንደተናገሩት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ትምህርትና ንባብ፣ ከዚያ ልጅቷ እስክትተኛ ድረስ ከልጅቷ ጋር፣ ስትተኛ እንደገና ወደ መጽሐፍ። እንዲያውም አንዱ ከሌላው ያሳርፋቸው እንደነበር ነው የተናገሩት። ከትምህርቱ ሲደክማቸው ልጅቷ፣ ከልጅቷ ሲደክማቸው ትምህርቱ። ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው በ1959 ሲመረቁ ከክፍሉ የመጀመሪያውን ደረጃ ከተጋሩት አንዷ ነበሩ። ሰዓቱን ልብ በሉ። ድሩ ሲከፈት ማጉ፣ ድሩ ሲዘጋ እረፍት።

እኔም በሁለተኛው ዙር ያደረግኩት ይህንኑ ነው። በሳምንት አራት ምሽት፣ አርባ አርባ ደቂቃ። ባለቤቴ ጋር በቀን መቁጠሪያ ላይ ተስማምተን ጻፍነው፤ በእነዚያ ምሽቶች ሕፃኗ ብታለቅስ የምትነሣው እርሷ ነበረች፣ በሌሎቹ እኔ። ቁጭ ከማለቴ በፊት የምሠራትን አንዲት ነገር በወረቀት ላይ እጽፋለሁ። «ደብዳቤውን አስተካክል» ብዬ አልጽፍም፤ «ሁለተኛውን አንቀጽ አሳጥር» ብዬ እጽፋለሁ። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ምን ልሥራ ብሎ ለማሰብ ጊዜ የለም።

የዚህ ቻናል ቤተሰብ ያልሆናችሁ ሁኑ፤ ያንን የምሽት ሰሌዳ አዘጋጅቼ ለሁላችሁም በነፃ አስቀምጫለሁ።

ማመልከቻው ከተላከ በኋላ ያሉት ወራት ደግሞ ለወረቀት ናቸው። መልስ ሲመጣ ሁሉም ነገር ይቸኩላል። የልጆቹን ፓስፖርት፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ፣ የክትባት ካርድ፣ ትልቁ ልጅ ትምህርት ከጀመረም የትምህርት ውጤቱን አሁን ሰብስቡ። የቤተሰብ መኖሪያ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ወረፋቸው ረጅም ስለሆነ የመቀበያ ደብዳቤው በደረሰ ዕለት ተመዝገቡ። በአሜሪካ ገንዘብ ያለው ግብዣ ከደረሳችሁና ወዲያው መልስ ስጡ ብለው ካጣደፏችሁም አትደንግጡ፤ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት ስምምነት እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ እንድታስቡበት ጊዜ ይሰጣችኋል። ያንን ጊዜ ከባለቤታችሁ ጋር ተቀመጡበት፤ የጤና መድኑን ዋጋ፣ የሕፃናት ማቆያውን ዋጋ፣ የቤት ኪራዩን በአንድ ወረቀት ላይ አስቀምጡና አብራችሁ ደምሩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ተመልካቾች የላኩልኝን ሦስት የዓላማ ደብዳቤዎች፣ ስማቸውን አውጥቼ፣ መስመር በመስመር እናያለን። ደብዳቤ መላክ የምትፈልጉ እስከ ዓርብ ላኩ። ሕፃኑን ቀስ ብላችሁ አስተኙት፣ ደህና እደሩ።