ሹራቡ ምን ተረጭቶበት ነበር?

መቅደስ፦ እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቻችን? እንደተለመደው ከሀዋሳ ነን። እኔ ያገለገሉ ልብሶችንና የቤት ዕቃዎችን በቴሌግራም እንደምሸጥ ታውቃላችሁ፤ ጋሽ ታደሰ ደግሞ ዕድሜያቸውን በመድኃኒት ቤት ያሳለፉ ፋርማሲስት ናቸው። የዛሬው ጉዳይ ያገለገለ ዕቃ ላይ የሚረጭ ሽቶ ነው፤ የራሴ ጥፋት ያለበት ስለሆነ ከእሱ ብጀምር ይሻላል።

ታደሰ፦ ጀምሪ፣ ልጄ። ሳትሸፋፍኚ ንገሪን።

መቅደስ፦ ባለፈው ክረምት ሀገረ ሰላም ለምትኖር ሴት አንድ የሱፍ ሹራብ ሸጥኩ። እዚህ ሀዋሳ ሱፍ የሚፈልግ ሰው ብዙም የለም፤ ሀገረ ሰላም ወዳለችበት ወደ ሁላ ሲወጣ ግን ብርዱ አያስቀምጥም። ሹራቡ ሻንጣ ውስጥ ከርሞ ስለነበር የእምክ ሽታ ነበረው። ስለዚህ መዓዛ ባለው ማለስለሻ አጠብኩት፣ ሲደርቅ በዕጣን አጠንኩት፣ በመጨረሻም አንገቱ ላይ ሽቶ ረጭቼ ፌስታል ውስጥ ቋጥሬ በሚኒባስ ላክሁት። ዕቃው በደረሳት ዕለት "ሽታው ራሱ ደስ ይላል" ብላ ጻፈችልኝ። በሦስተኛው ቀን የአንገቷን ፎቶ ላከችልኝ። ኮሌታው የነካው ቦታ ሁሉ ልክ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀልቶ፣ ውኃ የቋጠረ ደቃቅ ሽፍታ ወጥቶበት ነበር።

ታደሰ፦ አንቺስ ምን ብለሽ መለስሽላት?

መቅደስ፦ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። "ከሹራቡ ቢሆን ኖሮ በለበስሽው ዕለት ያሳክክሽ ነበር፤ የበላሽው ነገር ይኖራል" አልኳት።

ታደሰ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። አለርጂ ሲባል ሁላችንም የሚታየን ንብ ነድፎት ወይም ኦቾሎኒ በልቶ በደቂቃዎች ውስጥ ፊቱ የሚያብጥ ሰው ነው። ሽቶ ቆዳ ላይ የሚያስነሣው ችፌ ግን ዘገምተኛው ዓይነት ነው፤ የሚሠራው አንቲቦዲ በሚባሉት የሰውነት መከላከያ ፕሮቲኖች ሳይሆን ቲ ሴል በሚባሉት የነጭ ደም ሕዋሳት በኩል ስለሆነ፣ እነሱ ነቅተው፣ ተባዝተው ቦታው ላይ እስኪከማቹ ድረስ አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1895 ዮሴፍ ያዳሶን የተባለው የቆዳ ሐኪም ያስተዋወቀው ምርመራ እንኳ በዚህ ጠባይ ላይ የቆመ ነው፤ የተጠረጠረው ነገር ጀርባ ላይ ተለጥፎ 48 ሰዓት ይቆያል፣ ከተነሣም በኋላ ቆዳው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ይታያል። ስለዚህ ያች ሴት የነገረችሽ ሦስተኛ ቀን ሹራቡን ነጻ የሚያወጣ ሳይሆን ይበልጥ የሚያስጠረጥር ነበር።

መቅደስ፦ እሷ ግን ዕድሜ ልኳን ሽቶ ስትቀባ እንደኖረች ነግራኛለች። ይህም አሳስቶኛል።

ታደሰ፦ አለርጂው የሚፈጠረው እኮ በተደጋጋሚ ንክኪ ነው። ሰውነት አንድን ነገር ለዓመታት ዝም ብሎት ቆይቶ፣ አንድ ቀን እንደ ጠላት መዝግቦት ቁጭ ይላል። አንዴ ከመዘገበው ደግሞ አይረሳውም፤ ከዚያ በኋላ ትንሽም ብትሆን ትበቃዋለች። አንገት፣ ብብትና የክርን እጥፋት ላብና ፍትጊያ ስለሚበዛባቸው ቶሎ ይጎዳሉ።

መቅደስ፦ ሽቶውን ብንተወው ዕጣኑስ? የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ቤታችን ከወገርትና ከቀበርቾ ጭስ ተለይቶ አያውቅም።

ታደሰ፦ ከተፈጥሮ መምጣቱ ለቆዳ ዋስትና አይሆንም። ሊናሉል የሚባለውን የመዓዛ ንጥረ ነገር እንውሰድ፤ የድንብላል ፍሬ ዘይት አብዛኛው እሱ ነው። ሊሞኒን ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ዋና ክፍል ነው። ሁለቱም ትኩስ ሳሉ እምብዛም አይከፉም፤ አየር ሲያገኛቸው ግን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕደው ቆዳን በእጅጉ የሚያስቆጣ ሌላ ነገር ይሆናሉ። ክዳኑ ላልቶ መደርደሪያ ላይ ዓመት የከረመ ሽቶ ለልብስ መርጫ ሲደረግ የምፈራው ለዚህ ነው። ጭሱ የሚያሰጋኝ በሌላ በኩል ነው፤ ደቃቅ ብናኙ ልብስ ላይ ይቀራል፣ አስም ያለበትንም ሰው ያፍነዋል። አስሙ የሚነሣበት ጭሱ ስለቆጠቆጠው እንጂ በአለርጂ ላይሆን ይችላል፤ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ግን ልዩነቱ ምን ይጠቅመዋል?

መቅደስ፦ ጠርሙሱ ላይ ቢጻፍልን ኖሮ እናውቅ ነበር።

ታደሰ፦ በአውሮፓ ኅብረት ለመዋቢያ ምርቶች ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሕግ 26 የመዓዛ ንጥረ ነገሮች በስማቸው እንዲጻፉ አዘዙ፤ በ2023 ዝርዝሩን ከ80 በላይ አደረሱት። ሌላ ቦታ ግን "ሽቶ" የምትል አንዲት ቃል በውስጧ በአሥር የሚቆጠሩ ቅመሞችን ልትይዝ ትችላለች። "መዓዛ የለውም" የሚለው ጽሑፍም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ የጥሬ ዕቃውን ሽታ የሚሸፍን ሌላ መዓዛ ገብቶበታል ማለት ነው። አንቺ የምትልኪው ያገለገለ ዕቃ ደግሞ ጭራሹን ጽሑፍ የለውም። ገዢው በስልክ መልኩን ያያል እንጂ አያሸትም፤ በእሱ አፍንጫ ፈንታ ያለው የአንቺ ቃል ብቻ ነው።

መቅደስ፦ አንድ ሌላ ልማዳችንን ላንሣ። የሕፃናት ልብስ ለሚቀጥለው ልጅ ሲቀመጥ ብል እንዳይበላው ናፍታሊን ይጣልበታል። ወደ ሽያጭ ሲወጣ ሽታው ስለሚከብድ ሽቶ ይደረብበታል። እኔም አድርጌዋለሁ።

ታደሰ፦ ይኼን ፈጽሞ አትድገሚው። ናፍታሊን ሳይቀልጥ ከጠጣርነት በቀጥታ ወደ ጋዝ እየተለወጠ ጨርቁ ውስጥ ይገባል። ቀይ የደም ሕዋስን ከጉዳት የሚጠብቀው ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆች አሉ፤ እነዚህ በናፍታሊን የታመቀ ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ሲለብሱ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ፣ ሰውነታቸው ቢጫ ሊሆን ይችላል። በተለይ አራስ ላይ አደጋው ብርቱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የናፍታሊን የብል መከላከያን እ.ኤ.አ. በ2008 ከገበያ አውጥቷል። ሽቶ ደርበሽ ስትልኪው እናትየዋ "ይኼ ነገር ምን ይሸታል?" ብላ እንድትጠነቀቅ የሚያደርጋትን ብቸኛ ምልክት አጠፋሽባት ማለት ነው። ከሽፍታው ይልቅ የሚያስቆጣኝ ይኼኛው ነው።

መቅደስ፦ ገብቶኛል። አሁን ወደ ሥራው እንምጣ፤ የተረጨበት ዕቃ እጁ የገባ ሰው ምን ያድርግ?

ታደሰ፦ መጀመሪያ መኝታ ቤት አይክፈተው፤ በረንዳ ላይ ፈትቶ ነፋስ ያስመታው። ቀላሉ መዓዛ በነፋስ ይሄዳል፤ ለልብስ ሳሙናና ለማለስለሻ የሚጨመረው ሠራሽ ምስክ የሚባለው መዓዛ ግን ጨርቅ ላይ እንዲቆይ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ደጋግሞ ማጠብ ይጠይቃል። ፖሊስተር ቅባታማ ነገር ስለሚይዝ ከጥጥ ይልቅ ያስቸግራል። ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቦ፣ ሲለቀለቅ ትንሽ አቼቶ ውኃው ላይ ቢጨመር ይረዳል፤ ነገር ግን አቼቶንና በረኪናን በፍጹም እንዳትቀላቅሉ፣ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ሽፍታው የወጣበት ሰው ልብሱን ያስወግድ፣ የማይለቀው ከሆነ የቆዳ ሐኪም ይየው። በራሱ ቅባት እየገዛ መሞከሩን ይተው፤ ቅባቱም ሽቶ ሊኖረው ይችላል።

መቅደስ፦ የማይታጠበውስ? ሶፋ፣ የቆዳ ቦርሳ፣ መጽሐፍ?

ታደሰ፦ አንዴ ከተረጨበት መመለሻው ከባድ ነው። ስለዚህ አትርጩበት።

መቅደስ፦ እኔ አሁን ከፎቶው ሥር ሦስት ነገር እጽፋለሁ፤ በምን እንደታጠበ፣ ናፍታሊን ነክቶት እንደሆነ፣ ከየት ቤት እንደመጣ። ሹራቡንም ከሀገረ ሰላም አስመልሼ የሴትዮዋን ገንዘብ ከነመላኪያው ከፍያለሁ።

ታደሰ፦ እንዲህ ስትጽፊ ገዢ አልሸሸሽም?

መቅደስ፦ የሸሸ አለ፣ አልዋሽም። ትናንት ማታ ግን አንድ ብርድ ልብስ ለጥፌ "ሽቶ አልተረጨበትም፤ የቡና ጭስ ይሸታል፣ እኛ ቤት ጠዋትና ማታ ይፈላልና" ብዬ ጻፍኩበት። አንዲት እናት ከአለታ ወንዶ "የእኛም ቤት እንደዚያው ነው፤ ነገ ላኪልኝ" አለችኝ።