«ካልጮህኩ ሥራ አይንቀሳቀስም»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ አለቅነትና ስለ ስሜት ብልህነት፣ ማለትም የራስንና የሌላውን ስሜት ለይቶ አውቆ ስለ መጠቀም፣ በተነጋገርንበት ዝግጅት ስልኩ እረፍት አልነበረውም። ከደወሉልን መካከል የሦስቱን ጥያቄ ከነመልሱ እነሆ።

ጥያቄ፦ የምደውለው ከአዳማ ነው፤ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ቁጡ መሆኔን አልክድም። ነገር ግን ድምፄን ከፍ ካላደረግሁ ሠራተኛው አይንቀሳቀስም። የስሜት ብልህነት የምትሉት ሰውን እያባበሉ ማሠራት ከሆነ እኔ ዘንድ አይሆንም።

መልስ፦ ማባበልስ አይደለም። ሲጮኹ ሠራተኛው እንደሚንቀሳቀስም አምናለሁ፤ የምጠይቅዎት ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው። አንድ ምሽት ያስቡ። በሩ ተዘግቷል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ የቀኑን ሒሳብ ስታመሳክር ሁለት ሺህ ብር ጎደለባት። ለሦስተኛ ጊዜ ትቆጥራለች፤ ዓይኗ ግን ከብሩ ይልቅ የእርስዎ ቢሮ በር ላይ ነው። ትናንት ባልደረባዋ በሰው ፊት የተባለችውን ሰምታለች። ስለዚህ ከጓደኛ ተበድራ ትሞላውና ዝም ትላለች። እርስዎም «ዛሬ በሰላም ተዘጋ» ብለው ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ። ያን ዕለት ብትናገር ኖሮ ትርፍ የተከፈለውን ደንበኛ ፈልጎ ማግኘት ይቻል ነበር።

የሃርቫርዷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጽሑፍ ይህን የመሰለ ነገር አለ። በደንብ የሚመሩ የነርስ ቡድኖች ጥቂት ስህተት ይኖራቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር፤ መዝገቡ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ኋላ እንደተረዳችው እነዚያ ቡድኖች ስህተታቸውን ሳይፈሩ የሚናገሩ ነበሩ። በፀጥተኛ ቅርንጫፍ የማልቀናው ለዚህ ነው።

ቁጣው መምጣቱ አያሳፍርም። ጆሮዎ ሲግል፣ መንጋጋዎ ሲጠብቅ «አሁን ተቆጥቻለሁ» ብለው ለራስዎ ይንገሩት፤ ከዚያ ሠራተኛዋን ለብቻዋ ያነጋግሩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «እርስዎ ጉድለቱን ያስተዋሉት መቼ ነው?» ይሁን። «እርስዎ» ያልኩት አውቄ ነው፤ ሲቆጡ ሰውን ወደ «አንቺ» የሚያወርዱ አለቆች አሉ፤ ያ ቃል ከጩኸቱ በላይ ያቆስላል። ስህተቱ ከተደጋገመ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። ማስጠንቀቂያ ግን ጩኸት አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው። ከቅርብ ጓደኛዬ ጋር ተወዳድረን የቡድን መሪነቱ ለእኔ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አኩርፋለች፤ ቡና እንኳን አብረን አንጠጣም። ሪፖርት ስታዘገይ ለመናገር ይሉኝታ ይይዘኛል፤ ማታ ማታ እኔው እየሠራሁላት ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ነገሮች ተደባልቀውብዎታል። ኩርፊያው በሁለታችሁ መካከል ያለ ነው፤ የሪፖርቱ መዘግየት የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው። በአንድ ቀን አያንሷቸው። መጀመሪያ ቡና ይጋብዟትና «ቦታውን አንቺም ትፈልጊው እንደነበር አውቃለሁ፤ ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ልስማ» ይበሏት። ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ሲረዝም ብዙዎቻችን ይጨንቀንና «እኔ እኮ ሹመቱን አልፈለግሁትም ነበር» እንላለን። እንደዚያ እንዳይሉ፤ ተወዳድረውበታል፤ እሷም ታውቃለች።

ሪፖርቱን በሌላ ቀን፣ ቢሮ ውስጥ፣ ቀኑን ጠቅሰው ያንሱት፤ «ሐሙስ መድረስ የነበረበት ሰኞ ደረሰ።» የማታውንም ሥራ ይተዉት። እሷን የጠቀሙ ይመስልዎታል፤ ሌሎቹ የቡድኑ አባላት ግን ለጓደኛዋ ታደላለች ማለታቸው አይቀርም። ቡናው እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል፤ ይመለሳል ብዬ ላጽናናዎት አልፈልግም።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው። አለቃዬ ሰው አዋቂ ነው፤ እናቴ ስትታመም ከሁሉም ቀድሞ የጠየቀኝ እሱ ነበር። በግምገማ ላይ ግን «በቤተሰብ ችግር ሐሳብህ ተበታትኗል» ብሎ ነጥቤን ቀነሰው። ይህም የስሜት ብልህነት ነው?

መልስ፦ ችሎታውማ አለው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1990 በጥናታቸው ያቀረቡት ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር፣ የራስንና የሌላውን ስሜት ለይቶ ማወቅና ያንን ለአስተሳሰብና ለድርጊት መጠቀም ነው ብለውታል። ደግነት የሚል ቃል እዚያ ትርጉም ውስጥ የለም። ነጥቡ የተቀነሰው በየትኛው ሥራ እንደሆነ ቀኑን ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። በእርግጥ የዘገየ ሥራ ካለ ይቀበሉ፤ ማሳየት ካልቻለ ቅሬታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ። ስለ እናትዎ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠይቅዎት ግን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት» ይበቃዋል።