ቀለሙ ስለተቀየረ ብቻ አትመኑት

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ በእጽዋት ቅጠል ስለሚሠሩ፣ ባክቴሪያ ስለሚገድሉ የብር ናኖ ቅንጣቶች ነው። ብር ስል ጌጥ የሚሠራበትን ማዕድን ነው።

ሥራውን አይታችሁት ለማታውቁ እንዲህ ነው። ቅጠሉ ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ውሃ ውስጥ ይፈላና ይጣራል። ከዚያ ሲልቨር ናይትሬት የሚባል የብር ጨው በሟሟበት፣ ምንም ቀለም በሌለው ውሃ ላይ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ትጨምሩታላችሁ። መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ ነው። ቆይቶ ማር ይመስላል፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል። እንደ ቅጠሉና እንደ ሙቀቱ ደቂቃዎች ወይም ሰዓታት ይፈጃል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ዓይኔን ከብልቃጡ መንቀል አቅቶኝ ነበር።

ምን ተፈጠረ? ውሃው ውስጥ ያለው ብር አንድ ኤሌክትሮን የጎደለው አዮን ነው። የቅጠሉ ፖሊፌኖሎች፣ ፍላቮኖይዶችና ስኳሮች የጎደለውን ይሰጡታል፣ አቶሞቹ ይሰባሰባሉ፣ እነዚያው የቅጠል ውህዶች ደግሞ ዙሪያውን ሸፍነው እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጓቸዋል። ቅንጣቶቹ ከ100 ናኖሜትር በታች ናቸው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 80 ሺህ ናኖሜትር ገደማ ነው። በኬሚካል መንገድ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩት እንደ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድና ሃይድራዚን ያሉ ናቸው፤ ሃይድራዚን መርዝ ነው። እሱን በቅጠል መተካት ትልቅ ነገር ነው።

ግን ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው።

ባክቴሪያ የተቀባበት ሳህን ላይ የሠራችሁትን ጠብ አድርጋችሁ 37 ዲግሪ ላይ ታሳድሩታላችሁ። ጠዋት ስትከፍቱት ዙሪያው ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ አለ። ደስ ይላል! ግን ባክቴሪያውን ማን ገደለው? ቅንጣቱ ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ ራሱ ሊሆን ይችላል። ወደ ቅንጣት ሳይለወጥ ውሃው ውስጥ የቀረው የብር አዮንም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ብቻውን ኃይለኛ ጀርም ገዳይ ነው፤ ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ክሬዴ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የአራስ ሕፃናት ዓይን እንዳይታወር ሲልቨር ናይትሬት ይጨምርበት ነበር። ስለዚህ ቅንጣቱን ሳታጥቡ ከፈተናችሁት፣ የለካችሁት ከ140 ዓመት በፊት የታወቀውን ነገር ሊሆን ይችላል።

ቅንጣቱን በሴንትሪፊውጅ፣ ማለትም በፍጥነት እያሽከረከረ ቅንጣቱን ወደ ታች በሚያዘቅጥ መሣሪያ፣ አሽከርክሩት፣ የላይኛውን ፈሳሽ ድፉ፣ እጠቡት፣ ድገሙት። እዚያው ሳህን ላይ ቅጠሉን ብቻውን፣ ተመጣጣኝ ሲልቨር ናይትሬትንም ብቻውን አስቀምጡ። ክቡ ሰፋ ማለትም የተሻለ ገደለ ማለት አይደለም፤ ቅንጣት ባክቴሪያው በሚያድግበት፣ አጋር በሚባለው የሳህኑ ጄል ውስጥ እንደ አዮን አይንሸራሸርም። በፈሳሽ ውስጥ ባክቴሪያውን የሚያቆመውን ዝቅተኛ መጠን መፈለግ ይሻላል።

ውሃውም ዲስቲልድ፣ ማለትም ተንኖ የተጣራ ይሁን። አንዴ በቧንቧ ውሃ ያለቀለቅኩት ብልቃጥ ውስጥ ሲልቨር ናይትሬት ስጨምር ወተት መሰለ። የቧንቧው ክሎራይድ ብሩን ይዞት ነጭ ዝቃጭ ሆነ፣ የዚያን ቀን ሥራ ሁሉ ቀረ።

ይህን ያህል የምጨቀጭቃችሁ ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ወደ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደገደሉ ተገምቷል። ብር ተስፋ የሚሰጠው በአንድ በኩል ብቻ ስለማይመታ ነው፤ የባክቴሪያውን ሽፋን ይጎዳል፣ ሰልፈር ያለባቸውን ፕሮቲኖች ይይዛል። ሆኖም «ባክቴሪያ ብርን አይላመድም» የሚባለውን አትቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከቃጠሎ ሕሙማን ክፍል የተገኘ ሳልሞኔላ ብርን ተቋቁሞ እንደነበር ተጽፏል። በዘፈቀደ ከረጨነው ይህንንም እናጣዋለን።

«አረንጓዴ» የሚለው ቃልም አያዘናጋን። አረንጓዴው አሠራሩ ነው፣ ብሩ ያው ብር ነው። ዓሣን ይገድላል። ሰው ለረጅም ጊዜ ከጠጣው ቆዳውን ግራጫ ሰማያዊ ያደርገዋል፣ አይለቅም። የተረፈውን ፈሳሽ ሲንክ ውስጥ አትድፉ፣ ለብቻው በታሸገ ዕቃ አጠራቅሙት።

አሁን ወደ እናንተ ልለፍ። ሳህን የሠራችሁ ካላችሁ ፎቶውን አውጡና አብረን እንየው።