ድንቅነሽ መድረክ ላይ ከመውጣቷ በፊት

ውድ ወላጆች፣ መምህራን፣ ከኋላ ቆማችሁ ያላችሁ ታላላቅ ወንድምና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ፊት ያላችሁ እባካችሁ ጠጋ ጠጋ በሉላቸው፣ ወንበር አንሶብናል።

መጋረጃው ሳይከፈት አምስት ደቂቃ ስጡኝ። ዛሬ የምታዩት ሙዚቃዊ ድራማ ልጆቻችሁ አራት ወር ሙሉ ከክላስ በኋላ እየቀሩ የለፉበት ነው፣ እኔ ደግሞ የሳይንስ ክበቡ ተጠሪ ስለሆንኩ ከመጋረጃው ጀርባ ያየሁትን ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2021 ሉሲ የምትባል መንኮራኩር ላከ፣ ስሟ የተወሰደው ሀዳር ላይ ከተገኘችው ከኛዋ ድንቅነሽ ነው። መንገዷ ላይ መጀመሪያ የምታገኘው አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር ድንጋይ ማለት ነው) ደሞ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም፣ ድንቅነሽ አሉት። በ2023 ኖቬምበር ላይ ስትደርስ ምን ብታይ ጥሩ ነው? ድንቅነሽን የምትዞር ትንሽዬ ጨረቃ! እሷንም ዲኪካ ላይ ቅሪተ አካሏ በተገኘው ህፃን ስም ሰላም አሏት። ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ "ቲቸር፣ የኛ ሰዎች ናቸዋ!" ብለው ክላሱን በጩኸት አናወጡት፣ ድራማው እዛው ተጀመረ።

የሰላምን ቦታ አንዲት የ1ኛ ክፍል ልጅ ይዛ ሁለት ሳምንት ተለማመደች። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ አይቶ እያለከለከ መጣና "ሰላም አንድ አይደለችም፣ ሁለት ድንጋይ ተጣብቀው ነው!" አለ። እውነቱን ነው፣ ሳይንቲስቶቹም መጀመሪያ አንድ መስላቸው ከቀናት በኋላ ነው የነቁት። ሌላ ልጅ ጨመርንና ሁለቱን በአንድ ነጠላ አሰርናቸው። ከዛ በኋላ ያለውን እናቶቻቸው ያውቃሉ፣ አንዷ ሽንት ሲመጣባት ሌላኛዋም አብራ ትሄዳለች፣ አንዷ ስታኮርፍ የሰማዩዋ ሰላም ግማሽ ጎኗ ወደ ግራ ግማሹ ወደ ቀኝ ይጎትታል። ታላቅየዋ ደሞ አንድ ቀን ቆም ብላ "ቲቸር፣ ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ነው ድንቅነሽ ግን 3.2 ነች፣ እኔ እየበለጥኳት ለምንድነው እኔ ምዞራት?" ብላ ጠየቀችኝ። ሰማይ ላይ በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው ብዬ ስለ ስበት አስረዳኋት። ሄዳ ድንቅነሽ የሆነችውን ልጅ ብድግ አድርጋ ለማንሳት ሞከረች፣ አቃታት፣ "እሺ ልዙራት" አለች።

መንኮራኩሯን የሚሰራው ልጅ ሁለት ጃንጥላ ይዞ ይወጣል፣ ሉሲ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ ሁለት ትልልቅ ክብ የሶላር ፓነሎች ስላሏት ነው። በሪኸርሳል ቀን አንዱ ጃንጥላ አልዘረጋ ብሎት ሰው ሁሉ ሲስቅ መድረኩ ላይ አለቀሰ። እቅፍ አደረኩትና የእውነተኛዋ ሉሲም አንዱ ፓነሏ ስትነሳ እስከ መጨረሻው አልከፈት ብሏት እንደነበር፣ ሰዎቹ ከመሬት ሆነው ወራት ፈጅተው ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው እንዳስከፈቷት፣ እንደዛው ሆና ድንቅነሽ ጋ እንደደረሰች ነገርኩት። እንባውን ጠርጎ "በቃ አታስጠግኑልኝ" አለ። ስለዚህ ዛሬ አንዱ ጃንጥላ በደንብ ካልተከፈተ ሆን ተብሎ ነው፣ እንዳትረብሹት።

ተቀባዮቹ ፕላኔቶች ናቸው። የሳተርን ቀለበት የአያቱ ሰፌድ ነው፣ አያቱ እዚህ አሉ፣ እማማ እናመሰግናለን፣ ማታ ይመለሳል። ቀለበቱ በብዛት የበረዶ ቁርጥራጭ ስለሆነ ፈንዲሻ ለጥፈውበት ነበር፣ በየልምምዱ ጁፒተርና ማርስ ከኋላ እየቆረጠሙ ጨረሱት። የእውነተኛው ቀለበትም በረዶው ወደ ፕላኔቱ እየዘነበ ቀስ በቀስ እያለቀ ነው፣ እና ሰፌዱን እንዳለ ተውነው።

አሁን ዋናው ነገር። ልምምድ እንደጀመርን አንዲት ዝምተኛ ልጅ፣ ክላስ ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም፣ "ቲቸር፣ ጠፈር ላይ አየር ከሌለ ድምፅ የለም፣ ታዲያ እንዴት ነው እዛ ምንዘፍነው?" አለች። ክፍሉ ጭጭ አለ። እኔ ስንት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር እንደዚህ ያስደሰተኝ ጥያቄ የለም። ተነጋገሩ፣ ተጨቃጨቁ፣ በመጨረሻ እራሳቸው ወሰኑ፦ መሬት ላይ ያለው ሁሉ ይዘፈናል፣ ሉሲ ድንቅነሽ ጋ ስትደርስ ግን ኪቦርዱ ይቆማል፣ ሞንታርቦው ይጠፋል፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሁሉም ያለ ድምፅ ይጨፍራሉ። አርባ ሁለት ልጅ፣ ትንፍሽ ሳይል! በልምምድ አንድም ቀን ተሳክቶላቸው አያውቅም፣ ሁሌ አንዱ ይስቃል፣ ወይ አንዱ ያስነጥሳል።

ዛሬ እንዲሳካላቸው ያንን አንድ ደቂቃ አብራችኋቸው ዝም በሉላቸው። የልጃችሁን ስም እንዳትጠሩ፣ እልል እንዳትሉ፣ ጭብጨባውን ዘፈኑ ሲመለስ አቅልጡት። ስልካችሁን አሁኑኑ ሳይለንት አድርጉልኝ፣ ህፃን የያዛችሁ በር አካባቢ ብትሆኑ ጥሩ ነው።

መብራቱን አጥፉልን። ልጆች፣ ዝግጁ?